ከሽቦ መረቡ ማዶ የነበረው ቤዝቦል

የባክ ኦኒል ትዝታና ሕጉም ሰዉም የተለዋወጠበት ጨዋታ

በካንሳስ ሲቲ፣ 18ኛው ጎዳና ከቫይን ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ሰፈር፣ የጥቁሮች ቤዝቦል ሊግ ሙዚየም ይገኛል። ወደ ውስጥ ትንሽ እልፍ እንዳሉ ዓይን የሚያርፈው አንድ ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው ትንሽ ነው፤ ተጫዋቾቹ ግን በሰው ቁመት ልክ ከነሐስ የተሠሩ ናቸው። ወርዋሪው ሳቸል ፔጅ መሐል ላይ ቆሟል። ቀላቢው ጆሽ ጊብሰን ጓንቱን ዘርግቶ ቁጢጥ ብሏል። ኩባዊው ማርቲን ዲሂጎ ዱላውን ይዞ ኳሷን ይጠብቃል። ጎብኚው ግን ገብቶ አጠገባቸው መቆም አይችልም። በእሱና በሜዳው መካከል የሽቦ መረብ አለ።

መረቡ ያለ ምክንያት አልተዘረጋም። የዘር መለያየት ሕግ በነበረበት ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በሚገኙ ሜዳዎች ጥቁር ተመልካች ከነጭ ተመልካች የሚለየው እንዲህ ባለ ሽቦ ነበር። ጎብኚው ፎቶግራፉን እያየ፣ ጽሑፉን እያነበበ ሙዚየሙን ዞሮ ሲጨርስ ነው ሜዳው የሚከፈትለት። ታሪኩን ሳያውቁ ወደ ሜዳው መግባት የለም።

ከመረቡ አጠገብ አንድ የነሐስ አሰልጣኝ ወደ ሜዳው እያየ ቆሟል። ይህ የባክ ኦኒል ሐውልት ነው። ኦኒል በዚህ ሊግ ተጫውተዋል፣ አሰልጥነዋል፤ ሊጉ ከፈረሰ በኋላ ደግሞ ዘመናቸውን ሁሉ ታሪኩን ሲናገሩ ኖረዋል። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ1990 እንዲቆም ከደከሙት ሰዎች መካከል ቀዳሚው እሳቸው ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ጥቁሮች ቤዝቦል ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያውቀው የጃኪ ሮቢንሰንን ስም ነው። በ1947 ለጥቁር ተጫዋች ዝግ ወደነበረው ትልቁ ሊግ ገብቶ የቀለምን አጥር የሰበረ ጀግና መሆኑን ያልሰማ የለም። ከሮቢንሰን በፊት የነበረው ዓለም ምን ይመስል ነበር? አጥሩ ከተሰበረ በኋላስ ያ ዓለም ምን ሆነ? የኦኒል ትዝታ የሚመልሰው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ነው።

ከሰለሪ እርሻ እስከ ሞናርክስ

ጆን ጆርዳን «ባክ» ኦኒል በ1911 በፍሎሪዳ ተወለዱ። አያታቸው በባርነት ያለፉ ሰው ነበሩ። ልጅነታቸው ያለፈው በሳራሶታ ከተማ ሲሆን፣ ገና በለጋ ዕድሜያቸው በሰለሪ እርሻ ሣጥን ተሸክመዋል። በዚያ ሐሩር፣ በዚያ ጭቃ ውስጥ ቆመው ከዚህ የተሻለ ኑሮ መኖር አለበት ብለው ጮክ ብለው መናገራቸውን ደጋግመው ተርከዋል። አባታቸው ሰምተዋቸው ኖሮ ማታ ላይ አልተቆጧቸውም፤ የተሻለው ነገር እንዳለ፣ ግን ሄዶ መፈለግ የራሳቸው ፋንታ መሆኑን ነገሯቸው።

መፈለጉ ቀላል አልነበረም። የሳራሶታ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪ አይቀበልም ነበር። ኦኒል ትምህርታቸውን ለመቀጠል ወደ ጃክሰንቪል፣ ወደ ኤድዋርድ ዋተርስ ኮሌጅ መሄድ ነበረባቸው። ከዚያ ኳሷ በየከተማው አዞረቻቸው። በ1938 ካንሳስ ሲቲ ሞናርክስን ተቀላቀሉና የአንደኛው ቤዝ ጠባቂ ሆኑ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል ካገለገሉባቸው ዓመታት በስተቀር እስከ 1955 ድረስ ከዚህ ቡድን አልተለዩም፤ ከ1948 ጀምሮም አሰልጣኙ ነበሩ።

ቤዝቦልን ላልለመደ አንባቢ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። እንደ ገና ጨዋታ ሩር ኳሷ መሬት ለመሬት አትንከባለልም፤ በአየር ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ትመጣለች፣ መቺው ለመወሰን ያለው ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ ብዙም አይበልጥም። በደንብ ከመታት አራቱን ማዕዘን እየረገጠ ሮጦ ወደተነሳበት ለመመለስ ይሞክራል። እያንዳንዱ ማዕዘን ቤዝ ይባላል፤ ተመልሶ ሲደርስ ነጥብ ይቆጠራል። አጥሩን አልፋ ከሄደች ደግሞ ሆምራን ነው፤ መቺው እየተዝናና ይዞራል።

በጭነት መኪና የተጫነ ብርሃን

የጥቁሮች ብሔራዊ ሊግ የተመሠረተው በየካቲት 1920 በካንሳስ ሲቲ ነው። ሩብ ፎስተር የተባለ የቀድሞ ወርዋሪና የቡድን ባለቤት የሌሎች ቡድኖችን ባለቤቶች ሰብስቦ፣ ከትልቁ ሊግ በር ላይ ቆሞ ከመለመን የራስን ቤት መሥራት ይሻላል ብሎ አሳመናቸው። የትልቁ ሊግ ባለቤቶች ጥቁር የሚከለክል ሕግ በጽሑፍ አላወጡም ነበር፤ በቃል ተስማምተው ብቻ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በሩን ዘግተው ኖረዋል።

የተሠራው ቤት ድሃ አልነበረም። በካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ እሑድ ሲጫወቱ አብያተ ክርስቲያናት የአምልኮ ሰዓታቸውን ቀደም ያደርጉ እንደነበር ኦኒል ይናገሩ ነበር። ሰው የክት ልብሱን እንደለበሰ፣ ሴቶቹ ባርኔጣቸውን እንደደፉ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ስታዲየም ይጎርፋሉ። ማታ ደግሞ ተጫዋቾቹና የጃዝ ሙዚቀኞቹ በአንድ ሆቴል ያርፋሉ፣ በአንድ ምግብ ቤት ይበላሉ። ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ጋዜጣው፣ ሁሉም በጥቁሩ ሕዝብ ገንዘብ የሚኖር ነበር።

በብርሃን የሚደረግ ጨዋታንም ከትልቁ ሊግ ቀድመው ያስለመዱት የጥቁሮቹ ቡድኖች ናቸው። የሞናርክስ ባለቤት ጄ. ኤል. ዊልኪንሰን በ1930 ሊታጠፍ በሚችል ምሰሶ ላይ መብራት አስተክሎ፣ ጄኔሬተሩን በጭነት መኪና ጭኖ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞት ይዞር ጀመር። ጄኔሬተሩ ጩኸቱ ለጉድ ነው፤ ብርሃኑም ደብዛዛ ነበር። ይሁንና ቀን የሚሠራው ሠራተኛ ማታ ጨዋታ ማየት ቻለ። ትልቁ ሊግ የመጀመሪያውን የማታ ጨዋታ ያደረገው ከዚያ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1935 በሲንሲናቲ ነው።

> ከትልቁ ሊግ በር ላይ ቆሞ ከመለመን የራስን ቤት መሥራት ይሻላል።

መንገዱ ግን መራራ ነበር። ባልደረቦቻቸው የነገሯቸውን አንድ ታሪክ ኦኒል ደጋግመው ያወሱት ነበር። በ1945 ጃኪ ሮቢንሰን ገና የሞናርክስ ተጫዋች ሳለ የቡድኑ አውቶቡስ ኦክላሆማ ውስጥ አንድ ነዳጅ ማደያ ይቆማል። ማደያው የቆየ ደንበኛቸው ነው፤ መጸዳጃ ቤቱ ግን ለነጮች ብቻ ነው። ሮቢንሰን ወርዶ ወደ መጸዳጃው ሲያመራ ባለቤቱ ከለከለው። ሮቢንሰንም ዞሮ፣ ቱቦውን ከመኪናችን አውጣው አለው። ሰውየው የአውቶቡሱን ትልልቅ ታንከሮች አየ፤ ያን ሁሉ ነዳጅ በሌላ ቀን ለማን ይሸጣል? ፈቀደላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ መጸዳጃ በሚከለከሉበት ማደያ ነዳጅ ላለመቅዳት ተስማሙ።

ሦስት ጊዜ የተሰማ ድምፅ

ኦኒል በሕይወታቸው ሦስት ጊዜ ብቻ የሰሙት አንድ ድምፅ ነበር። ዱላ ኳስን ሲመታ የሚወጣ ድምፅ ነው፤ ግን የማንም መቺ ድምፅ አይደለም። መጀመሪያ የሰሙት ልጅ ሆነው በፍሎሪዳ፣ የነጮቹ ቡድኖች ከዓመቱ ውድድር በፊት ልምምድ በሚያደርጉበት ሜዳ ዙሪያ ነው። እንደ ፍንዳታ የሚያስተጋባ ነገር ሰምተው ሮጠው ሲያዩ መቺው ቤብ ሩት ነበር። ሁለተኛውን የሰሙት በዋሽንግተን ከተማ በግሪፊዝ ስታዲየም ነው። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ሳሉ ያ ድምፅ ድንገት ከሜዳው መጣ። ልብሳቸውን ለብሰው ሳይጨርሱ ሮጠው ወጡ። መቺው የሆምስቴድ ግሬይሱ ጆሽ ጊብሰን ነበር። ሦስተኛውን ለመስማት በርካታ አሥርት ዓመታት ጠብቀዋል፤ መልማይ ሆነው በካንሳስ ሲቲ ሮያልስ ሜዳ ሲገኙ ወጣቱ ቦ ጃክሰን አሰማቸው።

ይህ ትዝታ ለእኛ አንባቢዎች ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሩቅ አይደለም። ግሪፊዝ ስታዲየም በ1965 ፈርሶ በቦታው የተሠራው የሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። በጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለው ይህ ሆስፒታል በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። ልጅ የተገላገለበት፣ ዘመድ የጠየቀበት፣ በነርስነት የሠራበት፣ ደጁ ላይ ታክሲውን አቁሞ ተሳፋሪ የጠበቀበት ብዙ ነው። በእግር ትንሽ ቢሄዱ ዘጠነኛው ጎዳናና ዩ ጎዳና ይገኛል፤ እንጀራው፣ ቡናው፣ ሙዚቃው ያለበት ሰፈር። መቺው ይቆምበት የነበረው ቦታ በሆስፒታሉ ውስጥ ምልክት ተደርጎበታል። ኦኒል ሮጠው የወጡበት ሜዳ ዛሬ የሕሙማን አልጋ የተዘረጋበት ነው።

ጊብሰን ትልቁ ሊግ ውስጥ አንዲት ቀን እንኳ ሳይጫወት በጥር 1947፣ በ35 ዓመቱ አረፈ። ሮቢንሰን በብሩክሊን ዶጀርስ ማልያ ሜዳ የገባው ከሦስት ወር በኋላ ነው።

የኢትዮጵያ ስም በአሜሪካ ሜዳ

ከዚህ ታሪክ ጋር የሚያገናኘን ሌላ ጉዳይ አለ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር የጥቁር አሜሪካውያን ልብ ከእኛ ጋር ነበር። ገንዘብ አዋጡ፣ ሰልፍ ወጡ፤ ፓይለቱ ጆን ሮቢንሰን ባሕር ተሻግሮ ከአርበኞቹ ጎን ቆመ። በዚያው ጊዜ በማያሚ የተነሣ አንድ የጥቁሮች የቤዝቦል ቡድን «የኢትዮጵያ ክላውንስ» (የኢትዮጵያ ቀልደኞች) ተብሎ በየከተማው ይዞር ነበር። ተጫዋቾቹ ፊታቸውን ቀለም ይቀባሉ፣ የአስቂኝ ልብስ ይለብሳሉ፣ አፍሪካዊ የሚመስል የፈጠራ ስም ይሰጣቸዋል። ኳስ ሳይኖር በምናባቸው እየተወራወሩ፣ እየቀለቡ፣ ተመልካቹን ኳስ ያለ እስኪመስለው ድረስ ያስቁት ነበር።

ችሎታቸው ግን የቀልድ አልነበረም። በ1941 በዴንቨር በሚደረገው የታወቀ ውድድር አሸንፈዋል። ያም ሆኖ የጥቁሮቹ ጋዜጦችና የሊጉ ባለቤቶች ስማቸውን ተቃወሙ። በወረራ የተደፈረችን ነፃ የጥቁር አገር ስም ለሳቅ መጠቀም ነውር ነው የሚል ነበር መከራከሪያቸው። ቡድኑ በ1943 ወደ ጥቁሮች አሜሪካ ሊግ ሲገባ «የኢትዮጵያ» የሚለውን ስም ተወና ሲንሲናቲ ክላውንስ፣ በኋላም ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ ተባለ። አገራችን በማታውቀው ሜዳ ላይ ስለ ክብሯ የተከራከሩላት ሰዎች ነበሩ።

ኦኒልም ይህን ዓይነቱን እንጀራ ቀምሰዋል። ወጣት ሳሉ የሣር ቀሚስ ለብሶ በሚጫወት ሌላ ዘዋሪ ቡድን ውስጥ ገብተው ነበር። ኋላ ሲተርኩት ዘመኑ ለጥቁር ተጫዋች የሚከፍለው ችሎታውን አይቶ ብቻ እንዳልነበር አይሸሽጉም። ከዚያው ከክላውንስ ቤት ግን በ1952 ሄንሪ አሮን የተባለ ቀጭን ልጅ ወጣ፤ በ1974 የቤብ ሩትን የሆምራን ክብረ ወሰን ያሻሻለው እሱ ነው። ቶኒ ስቶን የተባለች ሴትም በ1953 በክላውንስ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በኦኒል አሰልጣኝነት በሞናርክስ ከወንዶቹ ጋር ተጫውታለች።

በሩ ሲከፈት የፈረሰው ቤት

በ1945 መጸው ኦኒል በፊሊፒንስ የባሕር ኃይል ሠፈር ነበሩ። አዛዣቸው አስጠርተው የዶጀርሱ ኃላፊ ብራንች ሪኪ ሮቢንሰንን ማስፈረሙን ነገሯቸው። ኦኒል ዜናውን በድምፅ ማጉያ ለሠፈሩ ሁሉ አሰሙ፤ ጥቁሮቹ መርከበኞች በደስታ ጮኹ። ይህን ሲናገሩ ፊታቸው እንደ ልጅ ያበራ ነበር።

ደስታው ግን ዋጋ ነበረው። ሪኪ ለሮቢንሰን ሲል ለሞናርክስ አንዲት ሳንቲም አልከፈለም። ሌሎች ባለቤቶችም በርካሽ ገዙ ወይም ዝም ብለው ወሰዱ። ተመልካቹ ተጫዋቾቹን ተከትሎ ሄደ። የእሑዱ ሕዝብ በባቡር ተሳፍሮ ሮቢንሰንን ለማየት ወደ ሌላ ከተማ ይጓዝ ጀመር። ሊጎቹ አንድ በአንድ ተዳከሙ፤ ሆቴሉም ምግብ ቤቱም ተከተላቸው። በትልቁ ሊግ ተጫዋቹ ተፈለገ፤ ጥቁሩ አሰልጣኝ፣ ጥቁሩ ሥራ አስኪያጅ፣ ጥቁሩ ባለቤት ግን አልተፈለጉም።

> ተጫዋቹ ተፈለገ፤ ጥቁሩ አሰልጣኝና ጥቁሩ ባለቤት ግን አልተፈለጉም።

ለዚህ ከራሳቸው ከኦኒል የተሻለ ምስክር የለም። ሞናርክስን ለዓመታት የመሩ፣ ኧርኒ ባንክስንና ኤልስተን ሀዋርድን ያሰለጠኑ ሰው ናቸው። ሞናርክስን ሲለቁ ቺካጎ ካብስ የቀጠራቸው ግን ለመልማይነት ነበር። መኪናቸውን ይዘው በደቡብ ያሉ የጥቁሮች ኮሌጆችን እየዞሩ እንደ ሉ ብሮክ ያሉ ተጫዋቾችን አገኙ። በ1962 የትልቁ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ረዳት አሰልጣኝ ሆኑ፤ ሜዳ ላይ ቡድኑን የመምራት ዕድል ግን አልተሰጣቸውም። በትልቁ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ቡድን መምራት የጀመረው በ1975 ነው፤ ያን ጊዜ ኦኒል 63 ዓመታቸው ነበር።

የድሮ ደጋፊዎች በዚህ ጉዳይ ሁለት ልብ ናቸው። በሩ መከፈቱን የሚጠላ የለም። ነገር ግን የራሳቸው የነበረው ቤት በፍትሕ ተሸጦ ሳይሆን ተዘርፎ እንደቀረ የሚሰማቸው ብዙዎች ናቸው። ኦኒል በበኩላቸው ምሬት አልያዙም። ዘግይተህ ነው የተወለድከው የሚላቸው ሰው ቢኖር፣ በትክክለኛው ሰዓት ነው የመጣሁት ብለው ይመልሱ ነበር። ምሬት አለመያዝ ግን መርሳት አልነበረም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተናገሩት እንዳይረሳ ነው።

ሰዓቱ፣ ኮምፒውተሩና ሩጫው

የዛሬውን ቤዝቦል የሚያዩ ሽማግሌዎች ጨዋታው ተለወጠብን ይላሉ። እውነት ነው፣ ተለውጧል። ኦኒል በጆሮአቸው የለዩትን ድምፅ ዛሬ በየስታዲየሙ የተተከሉ ካሜራዎች በቁጥር ይለኩታል። ኳሷ ከዱላው ስትለቅ ያላት ፍጥነት፣ የወጣችበት አቅጣጫ፣ ወርዋሪው ያሽከረከራት ዙር፣ ሁሉም ወዲያው በስክሪን ላይ ይወጣል። በመኪና አገር ለአገር የሚዞር መልማይ ቀንሷል፤ በምትኩ ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጥ የሒሳብ ባለሙያ በዝቷል።

ሒሳቡ ጨዋታውን አንድ ጊዜ አደንዝዞት ነበር። ስሌቱ እንዳሳየው ቤዝ መስረቅ፣ ማለትም ኳሷ ሳትመታ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ለመሮጥ መሞከር፣ ብዙ ጊዜ ያከስራል፤ ሆምራን ፍለጋ ያለ የሌለ ጉልበትን ማውጣት ግን ያዋጣል። ቡድኖቹ ስሌቱን ተከተሉ። መቺው ወይ አጥር አሻግሮ ይመታል፣ ወይ ስቶ ይወጣል። ሩጫው ጠፋ፤ ጨዋታው ከሦስት ሰዓት በላይ ይጎተት ጀመር፤ ወጣቱ ተመልካች ፊቱን አዞረ።

በ2023 ሊጉ ሕጉን ቀየረ። ወርዋሪው ቤዝ ላይ ሯጭ ከሌለ በ15 ሰከንድ ውስጥ እንዲወረውር ሰዓት ተቆጠረበት። ሯጩን ለማስፈራራት ኳስ ወደ ቤዝ የሚልክበት ጊዜም ተገደበ። ቤዞቹም ሰፉ። ጨዋታው ወደ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ወረደ፤ ከሁሉም በላይ ሩጫው ተመለሰ። የቤዝ ስርቆት በአንድ ዓመት ውስጥ በእጅጉ ጨመረ።

ኦኒል ደጋግመው ያወሩት የነበረው ይህን ነው። የጥቁሮች ሊግ ጨዋታ የፍጥነት ጨዋታ ነበር። ኳሷን በቀስታ ነካ አድርጎ መሮጥ፣ ሁለተኛውን ቤዝ መስረቅ፣ ሦስተኛውንም መስረቅ፣ ተቃራኒውን ማጣደፍ። ሮቢንሰን ወደ ትልቁ ሊግ ይዞት የሄደው ይህንኑ አጨዋወት ነው። ስለዚህ አዲስ የተባለው ሕግ ጨዋታውን ወደ እነሱ አጨዋወት ነው የመለሰው።

አንድ ነገር ግን የዛሬው ሰዓት አይፈቅድም ነበር። በ1942 የጥቁሮች የዓለም ሻምፒዮና ሳቸል ፔጅ ከጆሽ ጊብሰን ጋር ተፋጠጠ። በኦኒል ትረካ መሠረት ፔጅ ከጊብሰን ጋር ለመገናኘት ሲል ብቻ ከእሱ በፊት ያሉትን መቺዎች ሆን ብሎ አሳልፎ ሦስቱንም ቤዞች ሞላ። ከዚያ ምን ዓይነት ኳስ እንደሚልክበት እየነገረው፣ እየፎከረበት፣ ሦስት ጊዜ ወርውሮ አስወጣው። ተመራማሪዎች የዘመኑን ጋዜጦች አገላብጠው ዝርዝሩ ከትረካው እንደሚለይ ደርሰውበታል። ፔጅ ቤዞቹ በሞሉበት ጊብሰንን ማስወጣቱና ሞናርክስ ሻምፒዮን መሆኑ ግን የተመሰከረ ነው። ትዝታ ያስውባል፤ ያለ ትዝታ ግን ማንም ያን ጋዜጣ ፈልጎ ባላገላበጠም ነበር።

ዛሬ በሜዳው ላይ ማን ቀረ?

ከሰዓቱም ከኮምፒውተሩም የሚከብደው ለውጥ ይህ ነው፦ በ2022 የዓለም ሻምፒዮና ላይ በተሰለፉት ሁለት ቡድኖች ውስጥ አሜሪካ የተወለደ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም። ከ1950 ወዲህ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ከኩባ፣ ከቬኔዝዌላ የመጡ ጥቁር ተጫዋቾች ብዙ ናቸው፤ የሮቢንሰንና የኦኒል የልጅ ልጆች ግን ከሜዳው እየጠፉ ነው።

የወጣቶች አሰልጣኞችን ምክንያቱን ብትጠይቋቸው በመጀመሪያ የሚያነሱት ገንዘብ ነው። ድሮ ልጅ በሰፈሩ ሜዳ ተጫውቶ ያድጋል፤ መልማይም መጥቶ ያየዋል። ዛሬ ለመታየት ከግዛት ግዛት በሚጓዝ የክፍያ ቡድን ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። መዋጮው፣ ዱላው፣ ጓንቱ፣ ሆቴሉ፣ የግል አሰልጣኙ፣ ሁሉም ከወላጅ ኪስ ነው። ቅርጫት ኳስ ግን አንድ ኳስና አንድ ቅርጫት ይበቃዋል። ኮሌጆችም ለረጅም ጊዜ ለአሜሪካ እግር ኳስ ሙሉ የትምህርት ወጪ ሲሸፍኑ፣ ለቤዝቦል ተጫዋች የሚሰጡት የተቆራረሰ ድጎማ ነበር።

በአሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም ይህን ሒሳብ ያውቁታል። ልጅ ከትምህርት ቤት ቤዝቦል ልጫወት ብሎ ሲመጣ፣ ጨዋታውን የማያውቅ አባት ለሁለት ፈረቃ ሥራው ሲሯሯጥ ማን ያደርሰዋል? ማንስ ይከፍልለታል? ያኔ በሩ በቃል ስምምነት ነበር የተዘጋው፤ አሁን ደግሞ በዋጋ እየተዘጋ ነው። የሚዘጋበት መንገድ ይለያይ እንጂ ውጭ የሚቀረው ልጅ ተመሳሳይ ነው።

> ያኔ በሩ በቃል ስምምነት ተዘግቶ ነበር፤ አሁን በዋጋ እየተዘጋ ነው።

መዝገቡ ሲታረም

በ2006 የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ልዩ ኮሚቴ ሰብስቦ ከጥቁሮች ቤዝቦል ታሪክ 17 ሰዎችን መረጠ። ከእነሱ አንዷ የቡድን ባለቤት የነበረችው ኤፋ ማንሊ ስትሆን፣ በአዳራሹ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። የኦኒል ስም ለምርጫ ቀርቦ ነበር፤ በጥቂት ድምፅ ሳይመረጡ ቀሩ። አገር ምድሩ አዘነ። አሥራ ሰባቱም በሕይወት አልነበሩምና በምረቃው ቀን ስለ እነሱ የሚናገር ሰው ሲፈለግ ግን ኦኒልን ጠየቋቸው። የ94 ዓመቱ አዛውንት መድረክ ላይ ወጥተው ስለ ሌሎቹ ክብር በደስታ ተናገሩ፤ የተሰበሰበውን ሕዝብ እጅ ለእጅ አያይዘውም አዘመሩት። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር አረፉ። የዝና አዳራሹ የተቀበላቸው በ2022፣ ካረፉ ከ16 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

መዝገቡም ዘግይቶ ታረመ። ትልቁ ሊግ ከ1920 እስከ 1948 የነበሩትን የጥቁሮች ሊጎች በእኩል ደረጃ እንደሚቆጥር ያስታወቀው በ2020 ነው። በ2024 ደግሞ የእነዚያ ጨዋታዎች ውጤት ከዋናው መዝገብ ተጨመረ። በዘመኑ ሁሉ ምርጡ የመቺ አማካይ ውጤት የታይ ኮብ ነው እየተባለ ለአንድ ምዕተ ዓመት ገደማ ሲነገር ኖሮ፣ አሁን ከላይ የተጻፈው የጆሽ ጊብሰን ስም ነው። ጥቂት ጨዋታዎች ተቆጥረው ውጤት አይወዳደርም የሚሉ አሉ። መልሱ ግልጽ ነው፤ ጨዋታው ያነሰው ስላልቻለ ሳይሆን ስላልተፈቀደለት ነው።

እርማቱን ያስቻሉት ባለሥልጣናት ብቻ አይደሉም። በየቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጠው የቆዩ የጥቁሮች ጋዜጦችን ገጽ በገጽ ያገላበጡ፣ የጨዋታ ሰንጠረዥ የለቀሙ፣ አብዛኞቹ ያለ ደመወዝ የሠሩ ተመራማሪዎች ናቸው። ፍለጋውን ያስነሳው ደግሞ እንደ ኦኒል ያሉ ሽማግሌዎች አለመሰልቸት ነው። ለ1994ቱ የኬን በርንስ ዘጋቢ ፊልም ሲናገሩ ያያቸው ሕዝብ ነው ይህ ሁሉ የት ነበር ብሎ የጠየቀው። ከእነዚያ ዓመታት ጨዋታዎች እስካሁን ሰነዱ የተገኘው ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ ቀሪው ገና እየተፈለገ ነው።

ቤዝቦል ሰዓት ቢቆጥር፣ ካሜራ ቢተክል፣ ቤዙን ቢያሰፋ ጨዋታው አይሞትም። ጨዋታን የሚገድለው ለማን ክፍት እንደሆነ መጠየቅ ሲቀር ነው። አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ጓንት አጥልቆ ሜዳ ሲገባ በሩን የከፈቱለትን ሰዎች ስም ንገሩት፤ የኢትዮጵያን ስም ክብር በዚያ ሜዳ ያስጠበቁ እንደነበሩም ጨምሩለት። የሰፈራችሁ ሜዳ ክፍያ የድሃ ልጅ የሚያስቀር ከሆነ ደግሞ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥታችሁ ተናገሩ። ያረጀ ስፖርተኛም በአጠገባችሁ ካለ ዛሬውኑ ጠይቁት፣ ድምፁንም ቅዱት። ኦኒል ባይናገሩ ኖሮ ጆሽ ጊብሰን ዛሬም ከመዝገቡ ውጭ ነበር።